የታጠበው ሥር

በእኛ ዘንድ ሣር ከመቃጠሉ በፊት ሥሩን የሚነቅለው ልጅ ነበር። ጾም ያልጀመረ፣ በስሙ ከብት የሌለው ልጅ። አዋቂ ሁሉ ከብት አለው፤ ከብት ያለው ሰው ሲጨንቀው የሚፈልገውን ነው የሚያየው ይሉ ነበር። ልጅ ግን ከብት የለውም። ያገኘውን ይዞ ይመጣል።

እኔ የተላክሁት አንድ ጊዜ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። አሁን ስልሳ አልፎኛል።

ነገሩን የማያውቅ ሰው እንዳይቸገር አስቀድሜ ልናገር። ከጨፋ ሸለቆ በላይ ያለው ቀይ ተዳፋት ያን ጊዜ ሁሉ ሰንበሌጥ ነበር። ሰንበሌጥ ክረምት ሲወጣ ከሰው ይረዝማል፤ በጋው ሲገፋ ይደርቅና እንደ እንጨት ይሆናል። ላም ትበላዋለች፤ ሆዷ ይሞላል፤ ወተት ግን አይሆንም። የሞተው አገዳ ከላይ ቆሞ ከሥር ለሚመጣው ቡቃያ ፀሐይ ይከለክላል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ፣ የበልግ ዝናብ ሲቃረብ፣ ይቃጠል ነበር። እሳቱ ከነፋሱ ጋር ይሮጣል፤ አንድ ቦታ አይቆይም። አንድ ስንዝር ወደ ታች ያለው ሥር እሳት ማለፉንም አያውቅም። የእሾህ ችግኝ ግን ይነዳል። ከዛፍ ቅርፊቱ ወፍራም የሆነው ቆርች ብቻ ጠቁሮ ይቀራል፤ ኋላም ቀይ አበባውን ያወጣል። ያ ተዳፋት ያን ሁሉ ዘመን የሣር አገር ሆኖ የኖረው በእሳት ነው።

ሥሩ ግን ርጥበት ሊኖረው ይገባል። ርጥብ ከሆነና ነጭ ቡቃያ ከያዘ፣ ዝናብ ቢዘገይ እንኳ በአሥር ቀን ለምለም ይወጣል። ደረቅ ከሆነ መጠበቅ ነው። በደረቅ ሥር ላይ ያቃጠለ ሰው አሮጌውን ሣር ያጣል፤ አዲሱንም አያገኝም። አሮጌው ወተት ባይሆንም ነፍስ ያቆያል።

እሳቱን የሚፈቅደው አባቴ ሙሀመድኑር ነበር። ከአባቱ የወረሰው ነው። ልጁ ሥሩን ለእሱ ያመጣል፤ እሱ አይቶ ለሽማግሌዎቹ ያቀርባል፤ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ልጁን በኦሮምኛ «ጅራ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አለ ወይ፣ ነፍስ አለው ወይ ማለት ነው። ልጁ «ጅራ» ካለ ዱዓ ተደርጎ እሳቱ ይለቀቃል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ያን ዓመት በልጉ ዘገየ። ከጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት አንዱ ነው። የቦርከናን ወንዝ ዳር ከቆላ የመጣው ከብት ሁሉ ገብቶበት ሣሩን ጨርሶ፣ የቀረው ጭቃ ነበር። እህቴ ሰሊማ የሰባት ወር ልጅ ነበረች። እናቴ ዘይና በወባ ከተነሣች ወዲህ ጡቷ ደርቋል። ሰሊማ የምትኖረው ዳማ በምትባለው ላማችን ወተት ነው።

ወተቱ ማነሱን በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው ያወቅሁት። እናቴ ስታልብ በፊት ቅሉ ውስጥ ወፍራም ድምፅ ይሰማ ነበር። ቀስ በቀስ ድምፁ ቀጠነ። ኋላ አንድ ጠብታ፣ ዝም፣ ደግሞ አንድ ጠብታ ሆነ። ሰሊማም አለቃቀሷ ተለወጠ። በፊት ጎረቤት ይሰማት ነበር። አሁን እንደ ድመት ግልገል ሆነች።

አንድ ቀን ጠዋት ከበረቱ ጀርባ ሆኜ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

እናቴ «እሳቱ በዚህ ሳምንት ካልተለቀቀ ላሟ ትነጥፋለች» አለች። «ላሟ ከነጠፈች ይቺን ልጅ አላተርፋትም።»

አባቴ «ሥሩ ይታይና» አለ።

«ሥሩ ልጅ የለው።»

አባቴ ሰሊማ ከቤት ውስጥ ስታለቅስ ተነሥቶ ሄደና የበረቱ አጥር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። እሷ ስታለቅስ እሱ ይወጣል። ልጅቱን አይወዳትም፣ ስለማይወዳትም እሳቱን አይፈቅድም ብዬ ደመደምሁ። ይህን በልቤ ይዤ ሰነበትሁ።

እኔም ኋላ አምስት ልጆች ወለድሁ፤ አንዱን ቀበርሁ። ያ ልጅ በታመመባቸው ቀናት የት እቀመጥ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ አልነበርሁም።

ሽማግሌዎቹ ሰኞ ጠዋት ተሰበሰቡና እኔ እንድላክ ተስማሙ። በመንደሩ ጾም ያልጀመሩ ልጆች ሌሎችም ነበሩ፤ ግን ግማሾቹ ወባ ይዟቸው ተኝተዋል። ጎረቤታችን ረጀብ ትንሽ ዶማ ሰጠኝ። ረጀብ ስምንት ከብት ነበረው፤ ቀልድ የሚወድ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ልጁ ዙሀራ እኩያዬ ናት፤ ቦርከና ዳር ወርደን አብረን ከጭቃ ላም እንሠራ ነበር።

«አንተ የአያ ሙሀመድኑር ልጅ» አለኝ ረጀብ፤ «እንደሚነቃነቅ ጥርስ ቀስ ብለህ ንቀለው። ካስለቀስኸው ለዝናቡ ይነግርብናል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። መንገዱን ብቻ በእጁ አሳየኝ።

ሰንበሌጡ ከራሴ በላይ ነበር። ስገባበት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ፌንጣ እግሬ ላይ ይዘላል። ከተዳፋቱ መሃል የተሰነጠቀ ቋጥኝ አለ፤ የሚነቀለው እዚያ ነው። ቆፈርሁ። አፈሩ ቀይና ትኩስ ነበር። አንድ እግር ሰንበሌጥ ከነሥሩ አወጣሁ። ሥሩን ሳጥፈው እንደ ጭድ ቀጭ አለ።

ሌላ ቆፈርሁ። እሱም ያው። ሦስተኛውን ከቋጥኙ ጥላ ሥር፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ፣ አወጣሁ። በጣቶቼ መሃል ሳሸው ዱቄት ሆነ።

ተቀመጥሁ። ደረቅ ነው ብዬ ብመለስ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እናቴ ተናግራዋለች። አንድ ሥር ርጥብ ቢሆን እሳቱ ይለቀቃል፤ እሳቱ ከተለቀቀ ለምለም ሣር ይወጣል፤ ሣሩ ከወጣ ዳማ ትታለባለች። ከሥሩ ወደ ሣሩ የሚያደርሰው እሳቱ ይመስለኝ ነበር። ርጥበቱ መሆኑን አላወቅሁም። ያን ቀን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ወደ ቦርከና ወረድሁ። ዳሩ ሁሉ የኮቴ ጭቃ ነው። አንድ የቁርቁራ ቁጥቋጦ መሃል ግን የከብት አፍ ያልደረሰበት ሰንበሌጥ ቆሞ ነበር፤ አገዳው ደርቋል፣ ልክ እንደ ተዳፋቱ። በሆዴ ተስቤ ገባሁ። እሾሁ ክንዴን ቧጠጠኝ። ስቆፍር የርጥብ አፈር ሽታ መጣ። ሥሩ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከግርጌው ሁለት ቡቃያ ወጥቷል። እንደ ሰሊማ ሁለት ጥርሶች ነጭ ነበሩ።

ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ቆሟል። ሥሩን ተቀበለኝ። አገላብጦ አየው። ክንዴን አየ። እግሬን አየ።

«ከየት ነቀልኸው?»

«ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ሥር።»

ሰሊማ ከውስጥ ታለቅስ ነበር። ያን ጊዜ ግን ርቆ አልሄደም። እናቴን ጠራትና «ውሃ አምጪ» አላት።

እናቴ ለሶላት መታጠቢያ የውዱእ ውሃ የምትይዝበትን ቅል ይዛ ወጣች። እሷ ታፈስሳለች፣ እሱ ሥሩን ያጥባል። ከደፉ ላይ ያለው ድንጋይ ጥቁር ውሃ ወረደበት። ሥሩ ንጹሕ እስኪሆን፣ ነጭ ጅማቱ አንድ በአንድ እስኪታይ አጠበው። ከዚያ ጎንበስ አለና እግሬን ያዘ። እግሬንም አጠበው። በጣቶቼ መሃል ያለውን ጭቃ ሳይቀር በአውራ ጣቱ አወጣ።

አባቴ እግሬን አጥቦልኝ አያውቅም። ከዚያም በኋላ አላጠበኝም። ሥሩን ያመጣ ልጅ ይከበራል ማለት ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሥሩም የታጠበው ዱዓ ስለሚደረግበት ነው ብዬ አሰብሁ።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሲደርስ ረጀብ አየና «ይኼ ሥር ምነው ታጠበ?» አለ።

አባቴ «ለዱዓ የሚቀርብ ነው ብዬ ነው» አለ።

ረጀብ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «በሉ እንግዲህ፣ ሣሩ ውዱእ አድርጓል። እኛም ተነሥተን እናድርግ።»

ትልቁ ሽማግሌ ሼህ ሙሐመድዘይን ዓይናቸው ደክሟል። ሥሩን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቡቃያውን ሲያገኙ ፊታቸው ፈታ አለ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «ጅራ?» አሉኝ።

አባቴን አየሁት። እሱ መሬት ያይ ነበር።

«ጅራ» አልሁ።

እሳቱ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ወደ ላይ ሲዞር፣ ከተዳፋቱ ግርጌ ተለቀቀ። ወንዶቹ ርጥብ ቅጠል ይዘው በዳርና በዳር ቆሙ። መጀመሪያ የሚንጫጫ ድምፅ ነበር፤ ኋላ እንደ ከባድ ዝናብ ሆነ። ጭልፊቶች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከጢሱ ፊት ፊት እየበረሩ ፌንጣውን ይለቅማሉ። ዙሀራ እጄን ይዛ ነበር። እናቶች እልል አሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተዳፋቱ በሙሉ ጠቁሮ አለቀ። ደስ አለኝ። እህቴን ያዳንኋት መሰለኝ።

በየጠዋቱ እየሄድሁ አይ ነበር። በአሥረኛው ቀን ምንም የለም። ከግርጌው፣ ወደ ረግረጉ ሲጠጋ፣ ጣት የማይሞላ ለምለም ታየ፤ የመንደሩ ከብት ሁሉ ተጋፍቶ በሁለት ቀን ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ አመድ ብቻ ነው። ነፋስ ሲነሣ አመዱ መንደሩ ላይ ይወርዳል፤ ምግባችን አመድ አመድ ይል ነበር። ከብቶቹ የተቃጠለውን አገዳ ጉቶ ይልሱ ጀመር፤ ምላሳቸው ደማ።

ሰማዩ ጠርቶ ቀረ።

በሃያኛው ቀን ገደማ ከቅሉ ውስጥ ድምፅ አልመጣም። እናቴ ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ከዚያ የዳማን ጡት ለቀቀችና ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽላ ዱቄት በውሃ አፍልታ በጣቷ ለሰሊማ ታልሳት ነበር። ሰሊማ ትውጥና ታየን ነበር። ማልቀሱን ትታለች።

በሃያ ሰባተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሞተች።

አባቴ መቃብሩን ራሱ ቆፈረ። ትንሽ ስለሆነች ብዙ አልቆፈረም። ከጉድጓዱ የወጣውን ቀይ አፈር አንሥቶ በጣቶቹ መሃል ሲያሸው አየሁት፤ ሥር ሲያይ እንደሚያደርገው። ዳግመኛ ሊያቃጥል አስቦ አፈሩን የሚመረምር መሰለኝ። በዚያ ቀን ጠላሁት። ለብዙ ዓመት ከልቤ አልወጣልኝም። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ሰው የራሱን ጥፋት በእጁ እየዳሰሰ ነበር።

ከብቱ ከዚያ በኋላ አልቆየም። አሮጌው ሣር ቢኖር ኖሮ ምናልባት ግማሹ ዝናቡ ላይ ይደርስ ነበር። ዳማ ከሰሊማ በኋላ አራት ቀን ቆየች። የረጀብ ሰባቱ አለቁ። ስምንተኛዋን ሰንበቴ ገበያ ወስዶ ማንም ዋጋ ሳይጠይቀው ይዟት ተመለሰ፤ መንገድ ላይ ወደቀችበት።

ረጀብ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አዋሽ ሊወርድ ሲነሣ እኛ ቤት መጣ። አልተቀመጠም።

«አያ ሙሀመድኑር» አለ፤ «እንደ ወንድም ልጠይቅህ። የዋሸን ሥሩ ነው፣ ሰው ነው?»

አባቴ «ሥሩን ያየሁት እኔ ነኝ» አለ።

«የነቀለው ልጅ ነው።»

«ልጁ ያገኘውን አመጣ። ያየሁት እኔ ነኝ። የሚጠየቀውም እኔ ነኝ።»

ረጀብ እኔን ረጅም ጊዜ አየኝ። ቀልድ የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁ። ትከሻው አልተንቀሳቀሰም። «ነጋቲ» አለ፣ ደህና ሁኑ ሲል፤ ወጣ።

አባቴ ሹመቱን እንዳያጣ ብሎ ነው እኔን ከነገሩ ያወጣኝ ብዬ አሰብሁ። ሥሩን አየሁ ማለት የእሱ ክብር ነው። ክብሩን ለእኔ አላካፍልም ያለ መሰለኝ።

ዙሀራ ከጭቃ የሠራችውን ላም ሰጠችኝ። ቀንዷ ተሰብሮ ነበር። «እስክንመለስ ጠብቃት» አለችኝ። ቀናሁባቸው። አዋሽ ወንዝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚያ ሣርና ዓሣ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ሽርሽር የሚሄዱ ነበር የሚመስለኝ።

አልተመለሱም። ሰው ከሆንሁ በኋላ ሰንበቴም ባቲም ገበያ በወጣሁ ቁጥር ከቆላ የሚመጣውን ሰው እጠይቅ ነበር። ረጀብ የሚባል፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። አንድም ያየ አልተገኘም። የጭቃዋ ላም በሁለት ክረምት አፈር ሆነች።

ዝናቡ የመጣው እሳቱ ከተለቀቀ በሃምሳ ሁለተኛው ቀን ነው። ሣሩም መጣ። እንዲህ ያለ ሣር አይቼ አላውቅም። በሳምንት ተዳፋቱ አረንጓዴ ሆነ፤ በወሩ ሆዴ ደረሰ። ሥሩ እሳቱን ችሎ፣ ድርቁን ችሎ፣ ከመሬት በታች ሲጠብቅ ኖሯል። የሚበላው ግን አልነበረም። በመንደሩ የቀሩት ሁለት ላሞችና አንድ ወይፈን ናቸው። እነሱም መሃሉ ገብተው አይታዩም ነበር። ሰው በር ላይ ቆሞ ሣሩን ያያል።

አንድ ቀን አባቴ ና አለኝና ወደ ተሰነጠቀው ቋጥኝ ወሰደኝ። ዶማ አልያዘም። ተንበርክኮ በእጁ ቆፈረ። አንድ እግር ሰንበሌጥ ከነሥሩ፣ ከነቀይ አፈሩ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከበደኝ። አፈሩ ከእጄ ላይ ይፈስ ነበር።

«አፈሩን አታራግፍ» አለኝ።

እስከ ቤት ድረስ በሁለት እጄ ይዤው ሄድሁ። ቤት ስንደርስ ተቀብሎኝ ግድግዳው ራስ ላይ አኖረው። መልሰን ልንተክለው ነው ብዬ ነበር ያልሁት፤ አልተከልነውም። ደርቆ፣ ቀዩ አፈር ከላዩ ላይ ሳይረግፍ፣ ቤቱ እስኪፈርስ እዚያው ነበር።

አባቴን ማንም አልከሰሰውም። ስለ እሳት የሚጠይቀው ሰው ብቻ ጠፋ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣል፤ ወሬው ወደ ሣር ሲያመራ አንዱ ስለ ገበያ ያነሣል። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ኖረና ሞተ።

ከዚያ ወዲያ ተዳፋቱን ያቃጠለ የለም። መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላ በመንግሥት ክልከላ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ቀንጠፋ የሚባለው እሾህ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ልጆቼ ሲያድጉ ግራሩ ተጋጠመ። አሁን ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ለመድረስ ገጀራ ያስፈልጋል። እሾሁ ሥር ባዶ ቀይ መሬት ነው፤ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል።

የሥሩን ነገር ለሠላሳ ዓመት የእኔ ብቻ ውሸት አድርጌ ተሸከምሁት። አባቴን ያታለልሁት መስሎኝ ነበር። እናቴ ልትሞት ሰሞን አጠገቧ ተቀምጬ ተናዘዝሁላት። ከቦርከና ነው ያመጣሁት አልኋት።

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «በድሩ» አለችኝ፤ «ውሃውን ያፈሰስሁት እኔ አይደለሁም? ጥቁሩን አፈር ሁለታችንም አይተነዋል። የቁርቁራውን ቧጨራም አይተነዋል። ተዳፋቱ ላይ ያን ጊዜ ቁርቁራ ነበር?»

አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አጠበው?» አልኋት።

«አንተ ለምን ነቀልኸው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ውሃ ለመነችኝ፤ አጠጣኋት።

እንግዲህ አባቴ ያውቅ ነበር። ሥሩን ብቻ ሳይሆን እግሬንም ያጠበው ሰው እንዳያይብኝ ነው። አርባ ቤት ላይ የሚያርፈውን ነገር ለአንዲት ልጅ ብሎ አደረገው፤ ልጅቱም አልተረፈችም። ልጅ የሚላከው ከብት ስለሌለው ነው ይሉ ነበር። እህት ያለው ልጅ እንዳይላክ ግን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ይህን ከእናቴ ሌላ ለማንም አልተናገርሁም ነበር። ዘንድሮ በየካቲት ሙስዐብ የሚባል የግጦሽ ባለሙያ ቤቴ መጣ። የከሚሴ ልጅ ነው፤ ትሑት ነው። ከተዳፋቱ አንድ ጎን እሾሁን አስመንጥረው፣ ሁለት ዓመት ከከብት ከልለው፣ ሰንበሌጡ ተመልሷል። አሁን ደርቆ ቆሟል። ካልተቃጠለ እሾሁ መልሶ ይውጠዋል ይላል። እሳት ጠላት አይደለም አለኝ፣ እኔ እንደማላውቅ ሁሉ። ቀኑን ለሐሙስ ቆርጠዋል። የመንደሩ ሰው ግን በድሩ ካላየው አንስማማም ብሎታል። አባቴ ምን እንደነበር የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ቀርተዋል፤ የሆነውን ግን አያውቁም።

ሙስዐብ ሥሩን በፌስታል ይዞልኝ መጥቶ ነበር። አወጣሁት። ንጹሕ ነው። ነጭ ጅማቱ አንድ በአንድ ይታያል።

«አፈሩስ?» አልሁት።

«እጅዎን እንዳያቆሽሽ ብዬ አጠብሁት፣ አባባ።»

ሥሩን ፌስታሉ ላይ መልሼ አስቀመጥሁት። ከዚያ ሁሉንም ነገርሁት። ጻፍ አላልሁትም፤ እሱም እስክሪብቶውን አላወጣም። ስጨርስ «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለኝ። ልጅ አትላኩ አልሁት። እኔው እሄዳለሁ።

በማግስቱ ወጣን። ሃያ ያህል ሰው ተከትሎን ነበር። የዘንድሮም በልግ ዘግይቷል። ከሰዉ መሃል ፋሪዳ የምትባል የጎረቤቴ ልጅ ሚስት ነበረች፤ ልጇን አዝላለች። አንዲት ላም አላት። ላሟን አይቻታለሁ፤ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል።

ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርሁ። ስንበረከክ ሙስዐብ ክንዴን ይዞኝ ነበር። አፈሩ ቀይና ትኩስ ነው። አንድ እግር አወጣሁ። አላራገፍሁትም። ሥሩን ሳጥፈው ቀጭ አለ።

ሰዉ ይጠብቃል። ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጅራ?» አለኝ። ይህን ቃል በሥር ጉዳይ ከሰማሁት ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

«ደረቅ ነው» አልሁ።

ሙስዐብ መሬት ያይ ነበር። ፋሪዳ ወደ እኔ ቀረበች።

«እስከ መቼ ነው አባባ?»

«እስኪዘንብ።»

«ካልዘነበስ?»

ልጇ ጀርባዋ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። አታለቅስም። ከታች ሁለት ጥርስ አውጥታለች። መዳፌን ዘርግቼ ሥሩን ከነአፈሩ ለእናትዮዋ አሳየኋት።

«ደረቅ ነው ልጄ» አልኋት።